የግራ እጅ ወጪት

ለጢፋ ወጪቱን በጣቷ አንጓ መታ አደረገችውና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ድምፁ ቀጭን ነው፤ ረዘም ብሎ እየሳሳ የሚሄድ፣ ጠፋ ሲሉት ደግሞ ጆሮ ውስጥ ጥቂት የሚቆይ። የሐሙስ ገበያ ጫጫታ፣ የአህዮቹ ጩኸት፣ ከቡና መፈልፈያው የሚመጣው ጉርምርምታ አልዋጠውም። እናቷ ሐጂራ ከሸክላ ሠሪዎች የተረከበችውን ዕቃ ጆንያ ላይ ደርድራ ስትሸጥ፣ እያንዳንዱን እያንኳኩ መፈተሽ የለጢፋ ሥራ ነበር። ስንጥቅ ያለበት ዕቃ ድው ይላል፤ ደህናው ይጮኻል። ይህን ሥራ በአሥር ዓመቷ ጀምራ፣ አሁን አሥራ አራት ሲሞላት፣ የማን እጅ እንደሠራው በድምፁ እስከ መለየት ደርሳለች።

ይህኛው የውቢት ነው። ውቢት ደግሞ ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

ወጪቱን ወደ ፀሐይ አዘንብላ ውስጡን አየችው። ሸክላ የሚሠራ ሰው ጭቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ እሱ ራሱ ዙሪያውን ይዞራል፤ በዞረበት አቅጣጫም ጣቱ ከሥር እስከ አፍ ቀጭን መስመር ጥሎ ያልፋል። አወቱ ወንዝ ዳር ያሉት ሠሪዎች ሁሉ የሚዞሩት ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ የምትዞረው ግራኟ ውቢት ብቻ ነበረች። በዚህ ወጪት ውስጥ ያለው መስመር ወደ ግራ ይዞራል።

የቆየ ዕቃ ነው እንዳይባል፣ የተጨሰበት የቡና ገለባ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ጥቁረቱ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይመስላል። ወጥ ሲጨለፍ በጎኑ እንዳይወርድ ከንፈሩ በትንሹ ወደ ውጭ ገልበጥ ብሏል። እግሩ አጠር ያለ፣ የትም ቢያስቀምጡት የማይወላገድ። የውቢትን ወጪት አንዴ የገዛች ሴት በሌላ ዕቃ ወጥ ስታቀርብ ቅር ይላት ነበር።

«እማ፣ ይሄን ማን አመጣው?»

«ሸዋረገጥ ናት እንጂ ሌላ ማን። ምነው፣ ድው አለ?»

«አይ፣ ይጮኻል።»

«ከጮኸ ምን ያስደነግጥሻል፤ አስቀምጪው።»

ለጢፋ አላስቀመጠችውም። ጭኗ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አለበሰችው።

እትዬ ሸዋረገጥ የውቢት እናት ናቸው። ከሰሜን ሸዋ በልጅነታቸው ወደ ጅማ መጥተው፣ አወቱ መንደራ ከወንዙ ዳር ጎጆ ቀልሰው፣ በሸክላ ሥራ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ በእሳቸው ዕቃ ይበላል፤ ከቤታቸው ግን ውኃ የሚጠጣ የለም። «ቡዳ» የሚለውን ቃል አብዮቱ ከከለከለው ወዲህ እንኳ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለዋል እንጂ አልተወውም። ሐጂራም ብትሆን ዓመቱን ሙሉ ዕቃቸውን ስትሸጥ ኖራ ደጃፋቸውን አልፋ ገብታ አታውቅም። ለጢፋን ከውቢት ጋር እንዳትውል አልከለከለቻትም፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር አጥብቃ የነገረቻት። ጭቃውን እንዳትነኪ።

ለጢፋም ሳትነካ ኖረች። ከትምህርት ቤት መልስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውቢት ስትሠራ ማየት፣ ያለቀውን ማንኳኳት፣ እሱ ነበር ጨዋታቸው። ውቢት በሦስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ቀልደኛ ነበረች። «አንቺ ፋራ፣ ጆሮሽን ሸክላ ሠሪ ነው የወለደው፤ እጅሽን ነጋዴ» ትላት ነበር።

በኅዳር ወር ከውቢት ክፍል ሁለት ልጆች ተወሰዱና አልተመለሱም። አብዮቱን የሚቃወም ወረቀት በትነዋል ተባለ። የውቢትም ስም ተጠራ። በሳምንቱ እትዬ ሸዋረገጥ ልጃቸው አጋሮ ዘመድ ቤት ሄዳ ወባ እንደገደላትና እዚያው እንደተቀበረች ተናገሩ። ለቅሶ ተቀመጡ። ለጢፋም ከሴቶቹ ጋር አለቀሰች፤ አስከሬን ያላዩበት ለቅሶ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቀች።

ሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ሥርዓት አላቸው። ሠሪዋ ስትሞት ቤት የቀረው የእጇ ሥራ በሦስተኛው ቀን ደጅ ወጥቶ ይሰበራል። ካልተሰበረ እጇ አያርፍም ይላሉ፤ ሰውነቷ አፈር ውስጥ ተኝቶ እጇ ሥራ ፍለጋ ይመጣል። እትዬ ሸዋረገጥ የውቢትን ዕቃ አልሰበሩም። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ አርባውም አለፈ። ከዚያ ጎረቤታቸው ዘይቡ፣ ሸዋረገጥ ገበያ በሄዱበት በጠራራ ፀሐይ፣ ከባዶው ቤት ሸክላ ሲንኳኳ ሰማሁ ብላ እንስራዋን ጥላ ሮጠች። ሌላም ሰው ሰማ። አሁን በዚያ በኩል ውኃ የሚቀዳ የለም።

«ሰላም ነው፣ እማማ ሐጂራ።»

ለጢፋ ቀና አለች። የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ከፈለ ነበር፤ ካኪ ለብሶ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ። ለየካቲት በዓል የዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽን እንደሚዘጋጅ፣ ዕቃ ለመምረጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሸዋረገጥ ቤት እንደሚሄድ ለሐጂራ ነገራት። ነግሮ ሲጨርስ ለጢፋ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አወቱ ዳር የሚያንኳኳ እጅ አለ ይላሉ፤ ሰማሽ?»

«ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔ እዚያው መንደር ነው ያደግሁት፤ ያንን ተረት በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። የሚያንኳኳ እጅ ካለ ደም የሚዘዋወርበት፣ በሕይወት ያለ ሰው እጅ ነው።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ድረስ አልደረሰም። «የእሷን እጅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ እዚያ ብትመጪ ጥሩ ነው።»

ከነጠላዋ ሥር ወጪቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ጭኗን ነካት።

ከፈለ ያለው አልገባትም ማለት አይደለም፤ ልቧ ግን ወደዚያ አልሄደም። እሷ ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ውቢት ሞታ እጇ ዕረፍት አጥቶ እየተንከራተተ ከሆነ፣ ይህን እያወቀች ዝም ያለች ጓደኛ ምን ትባላለች? በሶላቷ መጨረሻ ለሙታን ስትለምን የውቢትን ስም ከሙታን ጋር መጥራት አስቸገራት። ቅዳሜ ከፈለ ከመምጣቱ በፊት ቀድማ ሄዳ፣ እትዬ ሸዋረገጥ ዕቃዎቹን እንዲሰብሩ ልትለምናቸው ቆረጠች።

የቅዳሜ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ሰው ስለማይሄድበት ሣር ጀማምሮታል። ከመፈልፈያው የመጣው የቡና ገለባ ክምር አጠገብ ስትደርስ ወፎቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰላት። የጎጆው በር ገርበብ ብሏል።

«እትዬ ሸዋረገጥ!»

መልስ የለም። ከውስጥ ግን ድምፅ መጣ።

ኳ።

ቆየት ብሎ፣ ኳ።

ያ ቀጭን፣ እየሳሳ የሚሄድ ድምፅ። ለጢፋ «ቢስሚላህ» አለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ድምፅ አልወጣውም። እግሯ ወደ ኋላ ሊል ፈልጎ፣ የመጣችበትን አስባ ወደ ፊት ገፋችው። ገባች።

ውስጡ ጨለም ብሎ እርጥብ አፈር ይሸታል። መደርደሪያው ላይ አሥራ አራት ወጪቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ከንፈራቸው ገልበጥ ያለ። አንድም አልተሰበረም። ከጀርባ ጓዳውን የሚለየው የሸምበቆ ግርዶሽ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ድምፁ ቆሟል።

ከዚያ በግርዶሹ ሥር እጅ ወጣ።

እጅ ብቻ። እስከ አንጓው ጭቃ የለበሰ፣ ግራጫ፣ ቀጭን የግራ እጅ። ገና ያልደረቀ ወጪት በመዳፉ ደግፎ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ገፋና መሬት ላይ አኖረው። ጣቶቹ ከንፈሩን አንድ ጊዜ ዳሰሱት፤ የጎደለ ነገር ካለ ለማየት ይመስላል። ከዚያ ባሉበት ደረቁ። የለጢፋን ትንፋሽ ሰምተው ይሆናል። እጁ እንደ እባብ ተሳበና ወደ ጨለማው ገባ።

ለጢፋ ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። መሬት ላይ ያለውን ወጪት ብቻ ታያለች። ቆይታ ቆይታ ቁጢጥ አለችና፣ በሕይወቷ ነክታ የማታውቀውን እርጥብ ጭቃ በአንድ ጣቷ ነካችው።

ከንፈሩ ለብ ይላል። የሰው እጅ ሙቀት ነው።

«አንቺ ልጅ።»

እትዬ ሸዋረገጥ የአፈር ሸክም በጀርባቸው እንደተሸከሙ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ከሸክማቸው ጋር አንድ መልክ ሆኗል። ለጢፋ ተነሣች፤ ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፍቷት ለልመና መጥታ እንደነበር፣ ዕቃዎቹ እንዲሰበሩ፣ እጇ እንዲያርፍ ፈልጋ እንደነበር ተንተባተበች።

እትዬ ሸዋረገጥ ሸክሙን አወረዱ። «የሚሰበረው የሞተ ሰው ዕቃ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በቁሙ ያለ ሰው ዕቃ ከተሰበረ ሞቱን መጥራት ነው። ለቅሶውን ተቀመጥኩ፣ ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ዋሸሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይሄን ግን እጄ እንቢ አለኝ።»

«እትዬ፣ ከፈለ ዛሬ ይመጣል።»

«ዛሬ?»

ለጢፋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከመንገዱ የሰው ድምፅ ተሰማ።

ከፈለ አንድ ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ጥበቃው ዕድሜው የገፋ የመንደሩ ሰው ነው፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመና እሱ ከውጭ እንደሚጠብቅ አስታወቀ። ከፈለ ቢስቅበትም «ያ ረቢ፣ እኔ አልገባም፤ ጠመንጃ የሞተ እጅን ምን ያደርገዋል» ብሎ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከፈለ ብቻውን ገባ። ለጢፋን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥሎ መደርደሪያውን፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ያለውን እርጥብ ወጪት አየ። እሱን አነሣው።

«ይሄ ከዛሬ ጠዋት አያልፍም» አለ። «መስመሩም ወደ ግራ ነው። እትዬ... ጓድ ሸዋረገጥ፣ ግራኝ የሆኑት መቼ ነው?»

ከፈለ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«እነዚያስ? ለቅሶ ደርሼ ነበር እኮ። ሥርዓታችሁን አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይሰበራል። እናት ልጇን ቀብራ ዕቃዋን ሳትሰብር ትቀራለች?» ከመደርደሪያው አንዱን ወጪት አንሥቶ ዘረጋላቸው። «እንግዲህ አሁን ይስበሩት። በፊቴ።»

እትዬ ሸዋረገጥ ተቀበሉት። በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ለጢፋ ግርዶሹን አላየችም፤ እንዳታይ አንገቷን እንደ ድንጋይ ያዘችው። ወጪቱ ቢወድቅ እትዬ ሸዋረገጥ እንደሚጮኹ፣ ካልወደቀ ደግሞ ከፈለ እንደሚያውቅ ታያት።

«የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ወጪቱ። መሬት ላይ ያለውም፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትም። ያልተሰበሩት የሟች ስላልሆኑ ነው። እኔ ነኝ የሠራኋቸው።»

ደጅ ያለው ጥበቃ አንገቱን አስገብቶ አያት።

«የሐጂራ ልጅ?» አለ ከፈለ። «ሸክላ?»

«ውቢት ናት ያስተማረችኝ። ያስተማረችኝ ግራኝ ነበረች፤ እሷ እንደምትዞር ነው የማውቀው። ሰዎቹ የሚሰሙት ማንኳኳትም የኔ ነው። እናቴ እንዳታውቅብኝ እዚህ ተደብቄ ነው የምሠራው።»

«ወላሂ በይ።»

ለጢፋ በሕይወቷ በሐሰት ምላ አታውቅም። «አንተ በአላህ አታምንም» አለች። «ለማን ብዬ ልማል?»

ጥበቃው ሳያስበው ሳቀ፤ ከፈለ ሲገላመጠው ሳል አስመሰለው።

«እሺ» አለ ከፈለ። «መሐላውን ተይው። ሥሪና አሳይኝ።»

እትዬ ሸዋረገጥ የተቦካ ጭቃ ቆርሰው ፊቷ አኖሩላት። ለጢፋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጭቃው ከጠበቀችው በላይ ይቀዘቅዛል፤ እጅ ላይ ይከብዳል፤ የራሱ ፈቃድ ያለው ነገር ይመስላል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ያየችውን ሦስት ዓመት አሰበች፤ የውቢት ጀርባ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ቀኝ እጇ ከውጭ ደግፎ ግራው ከውስጥ እንዴት እንደሚገፋ፣ እግሯ እንዴት እንደሚሸራተት። መሐሉን በቡጢዋ አጎደጎደችው። ከዚያ ወደ ግራ መዞር ጀመረች።

የእሷ እግር ኮቴና የጭቃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ግድግዳው ከፍ አለ፤ ከፍ አለና በአንድ በኩል ተኛ። ደግፋ አነሣችው። መስመሩ ቀጭን፣ ጠማማ ሆኖ ከሥር ወደ አፍ ወጣ፤ ወደ ግራ።

«መደርደሪያው ላይ ያሉት ከዚህ ይሻላሉ» አለ ከፈለ።

«ጠመንጃ በር ላይ ቆሞ የሠራሁት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከፈለ ሄዶ መዳፉን ሸምበቆው ላይ አደረገ። ቢገፋው ይከፈታል። ለጢፋ የመዳፉን ጀርባ፣ የጣቱን ቀለም፣ አንገቱ ላይ የምትመታውን ሥር አየች። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንኳ የለም። እሱም የዚህ መንደር ልጅ ነው፤ የፈራው ከወዲያ የሞተ እጅ ማግኘትን ይሁን በሕይወት ያለ እጅ ማግኘትን፣ ራሱም የሚያውቀው አልመሰለም። መዳፉ ቀስ ብሎ ከሸምበቆው ተነሣ።

«ለኤግዚቢሽኑ ስድስት እንወስዳለን» አለና ደብተሩን ገለጠ። «የሠሪዋ ስም?»

«ለጢፋ ሱሌይማን።»

ጻፈው። «ከዕቃው ፊት ነው የሚለጠፈው። ከተማው ሁሉ ያነበዋል።» ደብተሩን ዘጋ። «እኔም በየጊዜው ብቅ ብዬ ሥራሽን አያለሁ። አንድ ቀን መጥቼ ሳላገኝሽ ብቀር ግን፣ ማን እንደሚያንኳኳ ለማየት የሚመጣው ሌላ ሰው ነው።»

ከሄዱ በኋላ እትዬ ሸዋረገጥ መሬት ወድቀው ጭቃ የለበሱትን እጆቿን ሳሙ። እንዳትመለስ ለመኗት፤ የእናቷን ቤት እንዳታፈርስ፣ እሳቸው አንድ መላ እንደሚያገኙ ነገሯት። ከግርዶሹ ጀርባ ምንም አልተሰማም። ለጢፋም ምንም አልጠየቀች።

ቤት ስትደርስ ሐጂራ እጅ ልታስታጥባት ውኃ ይዛ ቆመች። ውኃው ግራጫ ሆኖ ወረደ። ሐጂራ ማንቆርቆሪያውን አላወረደችም።

ለጢፋ ነገረቻት። ሁሉንም ሳይሆን የሚነገረውን፤ ጭቃውን እንደነካች፣ ስሟ እንደተጻፈ።

«ከነአባትሽ ስም?»

«ከነአባቴ።»

«ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ታውቂያለሽ? ማዕድ ላይ አብሮሽ የሚቀመጥ ላይኖር ይችላል። አባትሽ ከሸቤ ሲመለስ ምን ልበለው?»

ለጢፋ እጇን ዘረጋችና ውኃው እንደገና ወረደ።

«ሁለት ወር ሙሉ፣ አንቺ ሳታንኳኪው፣ ያንን ወጪት የምሸጠው እኔ ነኝ» አለች ሐጂራ፣ ልጇን ሳታይ። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። እኔም ጆሮ አለኝ።»

ሂጂም አላለቻት፤ ተይም አላለቻት። ፎጣውን አቀብላት ወደ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ወሬው ገብቶ ነበር። ወንበር የምትጋራት ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ቦታ ተቀመጠች፤ ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ። ሲለቀቅ ለጢፋ በር ላይ ጥቂት ቆመች። በቀኝ ያለው መንገድ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ወደ ቤቷ ይወስዳል፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ በዚያ ሄዱ። እስኪርቁ ጠበቀችና ሣር ወደጀማመረው መንገድ ወረደች።

እትዬ ሸዋረገጥ ደጅ ተቀምጠው ገል ይወቅጣሉ፤ የተሰበረ ሸክላ ዱቄት ሆኖ ከአዲሱ አፈር ጋር ይቦካል። ሲያዩዋት መውቀጡን አቆሙ። አጠገባቸው የለሰለሰ አፈር ክምር ውኃ ጠጥቶ ተኝቷል።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አለች ለጢፋ።

እትዬ ሸዋረገጥ ወደ ክምሩ አዩ። «በእግር ከመርገጥ» አሉ። «ብዙ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ።»

ለጢፋ ደብተሮቿን ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።